የእንግሊዝኛ የፖለቲካ ቃላት በዜና ዘገባ

የእንግሊዝኛ የፖለቲካ ቃላት በዜና ዘገባ ሲባል በእንግሊዝኛ የሚጻፉና የሚነገሩ ዜናዎች ስለ መንግሥት፣ ስለ ምክር ቤት፣ ስለ ምርጫና ስለ ዲፕሎማሲ ሲያወሩ የሚጠቀሙባቸው ቃላትና ሐረጎች ማለት ነው። አብዛኞቹ ከዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ የተወሰዱ በመሆናቸው ቀላል ይመስላሉ። «ዊፕ» ጅራፍ ነው፤ በለንደንና በዋሽንግተን ምክር ቤቶች ግን የፓርቲ ኃላፊ ነው። «ቢል» በምግብ ቤት የሒሳብ ወረቀት ሲሆን በምክር ቤት ረቂቅ ሕግ ይሆናል። «ሐውስ» ቤት ነው፤ የአሜሪካ ዜና «ዘ ሐውስ» ሲል ግን 435 አባላት ያሉትን የተወካዮች ምክር ቤት ማለቱ ነው።

ስለዚህ የቃሉን ፍች ከመዝገበ ቃላት ማወቅ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ቃሉ የሚጠራው አንድ የተወሰነ አገር የሚሠራበትን ሥርዓት፣ በዚያም ሥርዓት ውስጥ አንድን ደረጃ ነው። አንባቢው የራሱን አገር ሥርዓት በልቡ ይዞ ካነበበው ቃሉን በትክክል ተርጉሞም ነገሩን ሊስት ይችላል።

ረቂቅ፣ ውሳኔና ሕግ

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው «ፓስ» በሚለው ግሥ ላይ ነው። ቃሉ «አሳለፈ» ወይም «አጸደቀ» ተብሎ ይተረጎማል፤ ትርጉሙም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በኢትዮጵያ «የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን አጸደቀ» የሚል ዜና የሰማ ሰው ነገሩ እንዳለቀ ያውቃል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 57 መሠረት ምክር ቤቱ የተስማማበት ሕግ ለርዕሰ ብሔሩ ለፊርማ ይቀርባል፤ ርዕሰ ብሔሩ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም እንኳ ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ «አጸደቀ» ለኢትዮጵያዊ ጆሮ «ሕግ ሆነ» ማለት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

በአሜሪካ ግን የተወካዮች ምክር ቤት ማጽደቅ የመንገዱ ግማሽ ነው። ረቂቁ መጀመሪያ በኮሚቴ ይታያል፤ ብዙዎቹ ረቂቆች ከዚያ ሳይወጡ ይቀራሉ። ከኮሚቴ ወጥቶ በአንዱ ምክር ቤት ካለፈ በኋላ፣ 100 አባላት ያሉት ሴኔትም በተመሳሳይ ቃል ሊቀበለው ይገባል። ከዚያ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይሄዳል። ፕሬዚዳንቱ ለመፈረም ወይም ለመመለስ እሑድን ሳይጨምር 10 ቀን አለው። ከመለሰው ድርጊቱ «ቪቶ» ይባላል፤ ይህን መሻር የሚቻለው በሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ብቻ ነው። ኮንግረስ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ያልተጠናቀቀ ረቂቅም ከዘመኑ ጋር አብሮ ያበቃል። ዜናው «ዘ ቢል ዳይድ» (ረቂቁ ሞተ) የሚለው በአብዛኛው ይህን ነው። ማንም ድምፅ ሰጥቶ አልጣለው ይሆናል፤ ጊዜው ግን አልፎበታል።

የዚህ ልዩነት ክብደት በኢትዮጵያ ጉዳይ ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2007 (መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም.) የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ኤች.አር. 2003 የተባለውን ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት የሚናገር ረቂቅ አሳለፈ። ረቂቁ ወደ ሴኔት ተላከ፤ ሴኔቱ ሳያሳልፈው የዚያ ኮንግረስ ዘመን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 አበቃ። ሕግ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ኤች.አር. 6600 እና ኤስ. 3199 የተባሉ ሁለት ረቂቆች በኮሚቴ ደረጃ አልፈው ሰፊ ክርክር አስነሡ፤ ሁለቱም ከኮንግረሱ ዘመን ጋር ጊዜያቸው አለፈ። ደጋፊም ተቃዋሚም ሰልፍ የወጣባቸው እነዚህ ወረቀቶች በሕግ መጽሐፍ ውስጥ የሉም።

ከእነዚህ ይልቅ የሚያስተምረው የቁጥር 128 ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2018 (ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም.) ያለፈው ይህ ሰነድ በኢትዮጵያውያን ዘንድ «ኤች.አር. 128» ተብሎ ታወቀ። ትክክለኛ መጠሪያው ግን «ኤች.ሬስ. 128» ነበር። ልዩነቱ የፊደል ብቻ አይደለም። «ኤች.አር.» ከተወካዮች ምክር ቤት የመነጨ ረቂቅ ሕግ ምልክት ሲሆን፣ «ኤች.ሬስ.» የዚያ ምክር ቤት «ሪዞሉሽን» ማለትም የአቋም መግለጫ ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ሪዞሉሽን ወደ ሴኔት አይሄድም፤ ፕሬዚዳንቱም አይፈርምበትም። ምክር ቤቱ ስላጸደቀው ሥራው በዚያው ቀን አልቋል፤ ግን ያለቀው የምክር ቤቱን አሳብ በመግለጽ ነው። ማንንም በሕግ አያስገድድም። ይህ ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የአንድ ኃያል አገር ምክር ቤት አቋም በዲፕሎማሲ ይመዘናል። ሆኖም «በኢትዮጵያ ላይ ሕግ ወጣ» ብሎ መናገር ትክክል አልነበረም።

ሁለቱን ለመለየት ቀላሉ መንገድ የሰነዱን ግሦች ማየት ነው። ሪዞሉሽን «ኧርጅስ» (ያሳስባል)፣ «ኮልስ ኦን» (ጥሪ ያቀርባል)፣ «ኮንደምንስ» (ያወግዛል) ይላል። ሕግ ደግሞ «ሻል» ይላል፤ ይህ በሕግ እንግሊዝኛ «ግዴታ አለበት» ማለት ነው። «ሜይ» የሚል ከሆነ ሥልጣኑ ተሰጥቷል፤ መጠቀም አለመጠቀም ግን ለባለሥልጣኑ የተተወ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል፦ «ጆይንት ሪዞሉሽን» የሚባለው ዓይነት በስሙ ሪዞሉሽን ቢሆንም በሁለቱ ምክር ቤቶች አልፎ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ በሥራውም ከሕግ አይለይም።

የብሪታንያ አካሄድ ሌላ ነው። እዚያ ረቂቅ በ«ንባብ» ይቆጠራል። የመጀመሪያው ንባብ ርዕሱን ከማሰማት አያልፍም፤ ክርክርም የለበትም። ዋናው ክርክር በሁለተኛው ንባብ ይደረጋል፤ ከዚያ ኮሚቴ፣ ሦስተኛ ንባብ፣ የጌቶች ምክር ቤት፣ በመጨረሻም የንጉሡ ስምምነት ይከተላል። ይህ ስምምነት ለመጨረሻ ጊዜ የተከለከለው በንግሥት አን ዘመን እ.ኤ.አ. በ1708 ስለሆነ ዛሬ እንደ ሥነ ሥርዓት ብቻ ይታያል። «አረንጓዴ ወረቀት» የሚባለው መንግሥት አስተያየት ለመሰብሰብ የሚያወጣው የመወያያ ሰነድ ነው፤ «ነጭ ወረቀት» ደግሞ ሊያወጣው ያሰበውን ፖሊሲ የሚገልጽበት ነው። ሁለቱም ገና ሕግ አይደሉም።

ትእዛዝ፣ ማዕቀብና እገዳ

«ሳንክሽን» ከራሱ ጋር የሚጣላ ቃል ነው። እንደ ግሥ «ፈቀደ» ወይም «ቀጣ» ሊሆን ይችላል። በዜና ላይ በብዙ ቁጥር «ሳንክሽንስ» ሲባል ማዕቀብ ማለት ነው። «ኮርት-ሳንክሽንድ» ሲባል ግን «ፍርድ ቤት የፈቀደው» ማለት ነው እንጂ ፍርድ ቤት የቀጣው አይደለም። «ኦቨርሳይት» የተባለውም ቃል እንዲሁ ነው፤ አንድም ቁጥጥር፣ አንድም በቸልታ የታለፈ ስሕተት ማለት ነው። «ኮንግሬሽናል ኦቨርሳይት» ኮንግረስ በአስፈጻሚው አካል ላይ የሚያደርገው ቁጥጥር ነው።

በማዕቀብ ዜና ውስጥ «ኦተራይዝ» (ሥልጣን መስጠት) እና «ኢምፖዝ» (መጣል) የሚሉትን ግሦች መለየት ያስፈልጋል። ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 (መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም.) በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ምክንያት ቁጥር 14046 የሆነውን ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ፈረሙ። ትእዛዙ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ማዕቀብ እንዲጥል ሥልጣን ሰጠ፤ በዚያ ዕለት ግን የማንም ስም አልተዘረዘረም። ስም ተጠቅሶ ማዕቀብ የተጣለው በቀጣዩ ኖቬምበር በኤርትራ ተቋማትና ግለሰቦች ላይ ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል የነበረው ጊዜ ለድርድር የተተወ ማስፈራሪያ ነበር፤ ዜናውን «ማዕቀብ ተጣለ» ብሎ ያነበበ ሰው ይህ ያመልጠዋል።

ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ራሱ ሕግ አይደለም። በሥራ ላይ ያለ ሕግ ወይም ሕገ መንግሥቱ በሰጠው ሥልጣን ላይ የቆመ መመሪያ ነው፤ ተከታዩ ፕሬዚዳንት ሊሽረው፣ ፍርድ ቤትም ሊያግደው ይችላል። እዚህ ላይ «ብሎክ» የሚለው ቃል ይመጣል። «ጀጅ ብሎክስ» ማለት ዳኛ አገደ ማለት ሲሆን፣ እገዳው ግን ደረጃ አለው። ለጥቂት ቀናት የሚቆይ ጊዜያዊ እገዳ አለ፤ ክሱ እስኪወሰን የሚቆይ አለ፤ የመጨረሻ ፍርድ የሚሆንም አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በአሜሪካ ምድር በመወለድ የሚገኝን ዜግነት የሚገድብ ትእዛዝ ፈረሙ፤ በሦስተኛው ቀን በሲያትል የሚገኝ ዳኛ ለጊዜው አገደው። በጁን ወር መጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ጉዳዩ ሲገባ የወሰነው ትእዛዙ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ አልነበረም፤ አንድ ዳኛ ለመላው አገር የሚሠራ እገዳ የማውጣት ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው በሚለው ላይ ነበር። በዚያ ሰሞን ርዕስ ብቻ ያነበበ ስደተኛ ወላጅ ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያ ላይ ሊደርስ ይችል ነበር። «ፈረመ»፣ «አገደ»፣ «ይግባኝ ጠየቀ»፣ «ወሰነ» የሚሉት ግሦች የአንድ ጉዳይ የተለያዩ ቀናት ናቸው።

ኢምፒችመንት

«ኢምፒችመንት» በአማርኛ ዜና አንዳንዴ «ከሥልጣን ማውረድ» ተብሎ ይተረጎማል። በአሜሪካ ግን ክስ መመሥረት ብቻ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ይከሳል፤ ሴኔት እንደ ችሎት ተቀምጦ ይመረምራል፤ ጥፋተኛ ለማለትና ከሥልጣን ለማስወገድ ከተገኙት የሴኔት አባላት የሁለት ሦስተኛው ድምፅ ያስፈልጋል።

በዚህ መንገድ ሦስት ፕሬዚዳንቶች ተከሰዋል፦ አንድሩ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1868፣ ቢል ክሊንተን በ1998፣ ዶናልድ ትራምፕ በ2019 እና በ2021። አንዳቸውም በሴኔት ጥፋተኛ አልተባሉም፤ ጆንሰን የዳነው በአንድ ድምፅ ነው። በ2021 ትራምፕ ጥፋተኛ ናቸው ያሉት 57፣ አይደሉም ያሉት 43 ነበሩ፤ አብላጫው ቢፈርድባቸውም 67 ስላልሞላ ነጻ ተባሉ። ሪቻርድ ኒክሰን ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አልተከሰሱም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሳይሰጥ በፊት ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ቃሉ ባሕር ሲሻገር ደግሞ ሌላ ይሆናል። በደቡብ ኮሪያ ፓርላማው ፕሬዚዳንቱን «ኢምፒች» ካደረገ ፕሬዚዳንቱ በዚያው ቀን ከሥራ ይታገዳል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው። ዩን ሱክ ዮል እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2024 በዚህ መንገድ ታግደው ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ፍርድ ቤቱ ከሥልጣን አስወገዳቸው። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በዋሽንግተን ፕሬዚዳንቱን ከወንበሩ አያነቃንቀውም፤ በሴኡል ግን ወዲያው ያስነሣዋል።

አንድ ቃል በሁለት አገር

የዚህ ዓይነት መለያየት በእንግሊዝና በአሜሪካ መካከል እንኳ አለ። «ቴብል» እንደ ግሥ ሲገባ በለንደን አንድን ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ ነው፤ በዋሽንግተን ደግሞ ጉዳዩን ከውይይት ማንሣት ወይም ማቆየት ነው። ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት መጽሐፍ የሁለቱ አገሮች የጦር ሹማምንት በዚህ ቃል ምክንያት ለረጅም ሰዓት እንደተከራከሩ፣ በመጨረሻም ሁለቱም ወገኖች የፈለጉት አንድ ነገር ሆኖ እንደተገኘ አስፍረዋል።

«ገቨርንመንት» ከሁሉ ይልቅ ለአማርኛ ተናጋሪ አሳሳች ነው። በብሪታንያ ቃሉ በወቅቱ በሥልጣን ላይ ያሉትን ጠቅላይ ሚኒስትርና ሚኒስትሮች ያመለክታል። በአሜሪካ ግን ኮንግረስንና ፍርድ ቤቶችን ጭምር የሚያቅፍ ሲሆን፣ ለፕሬዚዳንቱና ለሹማምንቱ «አድሚኒስትሬሽን» የሚባለው ቃል ይሠራል። አማርኛው «መንግሥት» ደግሞ ሥልጣን የያዘውን ቡድንም አገሩን የሚያቆመውን ተቋምም በአንድ ስም ይጠራል። ስለዚህ «ዘ ገቨርንመንት ፌል» የሚለው ዜና «መንግሥት ወደቀ» ተብሎ ሲተረጎም በኢትዮጵያ የ1967ን እና የ1983ን ዓ.ም. ያስታውሳል። በለንደን ግን እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 የጄምስ ካላሃን መንግሥት በ311 ለ310 ድምፅ ወድቆ፣ የሆነው ነገር ምርጫ መጠራቱ ብቻ ነበር። ማርጋሬት ታቸር በሜይ አሸነፉ፤ ፖስታ ቤቱም ፖሊሱም እንደነበረ ቀጠለ።

«ገቨርንመንት ሻትዳውን» የሚለውም እንዲሁ ይበልጥ ያስደነግጣል። ኮንግረስ የወጪ ሕጎችን በጊዜው ካላሳለፈ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን ያጣሉ። አንዳንድ ሠራተኞች ቤታቸው ይቀመጣሉ፤ አስፈላጊ የተባሉት ያለ ደመወዝ ይሠራሉ፤ ጉዳዩ ሲፈታ ክፍያቸው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2025 የተጀመረው 43 ቀን ቆይቷል፤ ከእርሱ በፊት ረጅሙ በ2018 እና 2019 መገናኛ የነበረው የ35 ቀን ነው። «መንግሥት ተዘጋ» ከማለት «የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሥራ በበጀት እጦት ተቋረጠ» ማለት ቢረዝምም ይሻላል።

የሹመት ስሞችም ወጥመድ አላቸው። የአሜሪካ «ሴክሬተሪ ኦቭ ስቴት» ጸሐፊ አይደለም፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። የብሪታንያ «ሆም ሴክሬተሪ» የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ነው፤ «ፐርማነንት ሴክሬተሪ» ግን ፖለቲከኛ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ ቋሚ ሠራተኛ ነው። «ቻንስለር» በጀርመን የመንግሥቱ መሪ፣ በብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ነው። «ሊበራል» በአሜሪካ ወደ ግራ የሚያዘነብል ሲሆን በአውስትራሊያ ሊበራል ፓርቲ የሚባለው ቀኝ ዘመሙ ነው። ቀለሞቹም ይገለበጣሉ፤ በብሪታንያ ቀይ የሌበር፣ ሰማያዊ የወግ አጥባቂዎች ነው፤ በአሜሪካ ቀይ የሪፐብሊካን፣ ሰማያዊ የዴሞክራት ነው። የአሜሪካው የቀለም ክፍፍል በዚህ መልክ የጸናው ከ2000ው እ.ኤ.አ. ምርጫ ወዲህ ነው።

ታሪክ ያላቸው ቃላት

አንዳንዱ ቃል መነሻው ሲታወቅ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ ፓርቲያቸውን የሚጠቅም የምርጫ ወረዳ ካርታ ፈረሙ። ከወረዳዎቹ አንዱ በጣም ስለተጣመመ የቦስተን ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ጨምሮበት እንደ እንሽላሊት መሰል እንስሳ ሣለው፤ እንስሳው በእንግሊዝኛ «ሳላማንደር» ይባላልና ከገዥው ስም ጋር ተዳቅሎ «ጄሪማንደር» ተወለደ። ዛሬ የምርጫ ወረዳን ድንበር ለአንድ ወገን በሚያደላ መልኩ መቁረጥ ማለት ነው። የገዥው ስም በ«ገ» ቢነበብም ቃሉ በ«ጀ» መነበቡ ለሰውየው ካሳ ይሆን አይሆን አይታወቅም።

«ፊሊበስተር» የባሕር ወንበዴን ከሚጠሩ የደችና የስፓኝ ቃላት የመጣ ነው። በአሜሪካ ሴኔት አናሳው ወገን ክርክር እንዳይዘጋ በማድረግ ድምፅ መስጠትን የሚጠልፍበት ዘዴ ነው። ክርክር ለመዝጋት ከ100ው 60 ድምፅ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት አንድ ፓርቲ 53 መቀመጫ ይዞ «አብላጫ አለው» እየተባለ ረቂቁን ማሳለፍ ሲያቅተው ይታያል፤ ይህን ቁጥር የማያውቅ አንባቢ ዜናው ስሕተት ይመስለዋል። ስትሮም ተርመንድ እ.ኤ.አ. በ1957 የዜጎች መብት ሕግን በመቃወም ለ24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ተናግረዋል። አሁን ግን ፊሊበስተር በአብዛኛው ንግግር እንኳ አይጠይቅም፤ 60 ድምፅ እንደሌለ ከታወቀ ረቂቁ ይቆማል።

«ዊፕ» ከአደን ሜዳ ነው። ውሾቹ ከመንጋው እንዳይወጡ የሚጠብቅ ረዳት «ዊፐር-ኢን» ይባል ነበር፤ የምክር ቤቱ ዊፕም የፓርቲው አባላት በአንድነት ድምፅ እንዲሰጡ ይጠብቃል። በብሪታንያ ለአባላት የሚላከው ወረቀትም ዊፕ ይባላል፤ ሦስት ጊዜ የተሠመረበት ከሆነ መቅረትም ማፈንገጥም ከባድ ጥፋት ነው። «ሌም ደክ» (አንካሳ ዳክዬ) ደግሞ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በለንደን አክሲዮን ገበያ ዕዳውን መክፈል ያቃተውን ሰው ይጠራ ነበር። አሁን ተተኪው ተመርጦ ሥልጣኑን ለማስረከብ የሚጠብቅ ባለሥልጣን ነው። «ሐንግ ፓርላማ» ከስቅላት ጋር የሚያገናኘው የለም፤ ማንም ፓርቲ ብቻውን ከግማሽ በላይ መቀመጫ ያላገኘበት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2017 በብሪታንያ እንደሆነው ያለ ፓርላማ ነው።

የርዕስና የምንጭ ቋንቋ

የዜና ርዕስ የራሱ ሰዋስው አለው። ያለፈውን በአሁን ጊዜ ይጽፋል፤ የወደፊቱን በ«ቱ» ያመለክታል፤ ረዳት ግሦችን ይጥላል። ስለዚህ «ሚኒስተር ሳክድ» ሚኒስትሩ አባረረ ሳይሆን ተባረረ ማለት ነው። ቦታ ለመቆጠብ አጫጭር ቃላት ይመረጣሉ፦ «ሮው» ጠብ፣ «ቢድ» ሙከራ፣ «ፕሮብ» ምርመራ፣ «ሄልድ» ታሰረ፣ «ባክስ» ደገፈ። «ስላምስ» በኃይል ነቀፈ እንጂ መታ አይደለም። በብሪታንያ ጋዜጦች ርዕስ ውስጥ በትእምርተ ጥቅስ የተከበበ ቃል የሌላ ሰው አባባል መሆኑን ያሳያል፤ ጋዜጣው ለእውነትነቱ አልቆመም።

መንግሥትን በአድራሻው መጥራትም የተለመደ ነው። ዋይት ሐውስ፣ ክሬምሊን፣ ዳውኒንግ ስትሪት «ተናገሩ» ሲባል በአማርኛ «አራት ኪሎ ምን ይላል?» እንደሚባለው ነው፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም።

ጠንቃቃ አንባቢ የሚጠቀምባቸው ትናንሽ ቃላት ከእነዚህ ይልቅ ናቸው። «አሌጅድሊ» ክስ ወይም ውንጀላ አለ፣ አልተረጋገጠም ማለት ነው። «ሪፖርትድሊ» ሌሎች ዘግበውታል፣ እኛ አላረጋገጥንም ማለት ነው። «ሰይድ» ገለልተኛ ሲሆን «ክሌምድ» ጥርጣሬ ያዘለ፣ «አድሚትድ» ደግሞ ተናጋሪው የደበቀው ነገር እንደነበረ የሚጠቁም ነው። በአማርኛ «ተናገረ» በሚል አንድ ግሥ ሁሉም ሲተረጎሙ ዘጋቢው በጥንቃቄ ያስቀመጠው ርቀት ይጠፋል። «ተብሏል»፣ «ነው ያሉት»፣ «ሲሉ አምነዋል» የሚሉት የአማርኛ አነጋገሮች ይህን ርቀት ለመጠበቅ በቂ ናቸው። «ሬጂም»ም እንዲሁ ነው፤ በፍችው አገዛዝ ቢሆንም፣ ዘጋቢ ይህን ቃል ከ«ገቨርንመንት» ይልቅ ሲመርጥ ብዙውን ጊዜ ፍርድ እየሰጠ ነው።

የዲፕሎማሲ ቃላት

በዲፕሎማሲ ጨዋነት ይዘቱን ይሸፍናል። ውይይቱ «ፍራንክ» ነበር ከተባለ ግልጽ ነበር ማለት ብቻ አይደለም፤ አለመስማማት ነበር ማለት ነው። አንድ አገር መጀመሪያ «ያሳስበናል» ይላል፣ ከዚያ «በጥብቅ ያሳስበናል»፣ ሲከፋ «እናወግዛለን»። መግለጫ ከመግለጫ ሲወዳደር የተለወጠው አንድ ቅጽል ዋናው ዜና ሊሆን ይችላል። «ፐርሶና ኖን ግራታ» (የማይፈለግ ሰው) እ.ኤ.አ. በ1961ዱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 9 ላይ የተቀመጠ ነው፤ ተቀባዩ አገር ምክንያቱን የመግለጽ ግዴታ የለበትም። ስምምነቱ የተጻፈው በአገሮች መካከል ላሉ ዲፕሎማቶች ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ሰባት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባለሥልጣናትን በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲወጡ በዚህ ቃል ስታዝ፣ ድርጅቱ ቃሉ በእርሱ ሠራተኞች ላይ እንደማይሠራ ተከራክሯል።

ጦርነት ማቆምን የሚመለከቱት ቃላት ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «ትሩስ» አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓላማ የሚደረግ ፋታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የኢትዮጵያ መንግሥት ለእርዳታ መግቢያ ያወጀው በእንግሊዝኛ በዚህ ቃል ተዘግቧል። «ሲዝፋየር» ተኩስ ማቆም ነው። «አርሚስቲስ» ውጊያውን ያስቆማል እንጂ ሰላም አይደለም፤ በኮሪያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 1953 ከተፈረመ ወዲህ የሰላም ውል አልተከተለውም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2022 (ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.) በፕሪቶሪያ የተፈረመው ሰነድ ርዕስ ደግሞ «ሲዝፋየር» የሚል ቃል የለውም፤ «ግጭትን በዘላቂነት በማቆም ዘላቂ ሰላም ለማምጣት የተደረገ ስምምነት» የሚል ነው። ግጭት ማቆም ከተኩስ ያለፈ ነው፤ የጥላቻ ንግግርን ጭምር ይመለከታል።

የአማርኛ አተረጓጎም

አማርኛ ለእነዚህ ቃላት ያዘጋጀው አንድ ወጥ መዝገብ የለም፤ የዜና ክፍሎች በልማድ ይሠራሉ። አንዳንዱ ልማድ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቁሞ ነበር፤ የላይኛው «የሕግ መወሰኛ»፣ የታችኛው «የሕግ መምሪያ» ምክር ቤት ይባሉ ነበር። ሁለቱም ከዘውዱ ጋር ቢያልፉም «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት» የሚለው ስም በአማርኛ የሬዲዮ ዜና ውስጥ ለአሜሪካው ሴኔት መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። ሌሎች በቀጥታ «ሴኔት» ይላሉ። «ኢምፒችመንት»ን አንዱ «ክስ» ሲለው ሌላው እንዳለ ይወስደዋል፤ «ሪዞሉሽን»ንም አንዱ «የውሳኔ ሐሳብ»፣ ሌላው «ውሳኔ» ይለዋል። በ2010 ዓ.ም. ስለ ቁጥር 128 ሲወራ የነበረው ግርታ ከፊሉ የተወለደው ከእነዚህ ሁለት ትርጉሞች መካከል ነው፤ «ሐሳብ» የምትለው ቃል ስትወድቅ የምክር ቤቱ አቋም ሕግ መሰለ።